በቤቷ ተምራ ለጨረሰች ልጅ ኮሌጅ ስንመርጥ፤ ከጎንደር የአንድ አባት ተሞክሮ

ሴት ልጃችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት የተከታተለችው በቤቷ ሆና ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ቫልቭ ሕመም ስላለባትና በየአራት ሳምንቱ መርፌ ስለምትወስድ፣ ሐኪሟ በየቀኑ ዳገት ወጥታና ወርዳ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መዋሏን ስላልወደደው፣ በአንድ የርቀት ትምህርት ቤት አስመዝግበናት እቤት አስተማርናት። ሒሳብና ፊዚክሱን አጎቷ፣ እንግሊዝኛውን እናቷ፣ የቀረውን ደግሞ ራሷ ከመጽሐፉ ጋር ታግላ ተወጣችው። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ግን ስለ ማስተማሩ አይደለም። በሕመም፣ በመንገድ መዘጋት ወይም በትምህርት ቤቶች መቋረጥ ምክንያት ልጆቻቸው እቤት የቀሩባቸው ወላጆች በከተማችን እየበዙ በመምጣታቸውና ሁሉም በመጨረሻ «እሺ፣ ከዚህ በኋላ የት ትገባለች?» ወደሚለው ጥያቄ ስለሚደርሱ፣ እኛ ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደመለስነው ለማካፈል ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚጀምረው ከተቋሙ ስም ነው። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ»፣ «ሕክምና ቢደርሳት» ይባልና ወደ ገንዘቡ ይኬዳል፤ ወረቀቱ የሚታየው በመጨረሻ፣ በምዝገባ መስኮት ላይ ነው። በቤቱ ለተማረ ልጅ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ በእጅ ያለው ማስረጃ የትኛውን በር እንደሚከፍት፣ ቀጥሎ የተገኘው ውጤት የትኛውን እንደሚከፍት፣ ከዚያም ቤተሰቡ በየወሩ ለአራት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ሊሸከመው የሚችለው ወጪ ምን ያህል እንደሆነ መታየት አለበት። የተቋሙ ስም ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ከወረቀቱ ልጀምር። በአገራችን ወላጅ በራሱ አስተምሮ በራሱ የሚጽፈው የውጤት መግለጫ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አያስመዘግብም። ልጁ የሚማረው በመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም፣ ስሙ ግን እውቅና ባለው የርቀት ወይም የማታ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ሊኖር፣ የየክፍሉን ፈተና በዚያው ሊፈተን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውም ትራንስክሪፕት በማኅተም ሊወጣለት ይገባል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድም አብሮ ይጠየቃል። በእነዚህ ወረቀቶች ሁሉ ላይ፣ በፋይዳ መታወቂያውም ጭምር፣ የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ወላጅ ገና 9ኛ ክፍል ላይ ቢያረጋግጥ ይመረጣል፤ የአንዲት ፊደል ልዩነት ከ12ኛ በኋላ ሲገኝ ማረሚያው በየቢሮው የሚያንከራትት ጉዳይ ይሆናል። የርቀት ትምህርት ቤቱን ስንመርጥም ዋናው መመዘኛችን የክፍያው ማነስ አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ተማሪዎቹን ለብሔራዊ ፈተና አስመዝግቦ ያስፈተነ መሆኑን ከራሳቸው ከተፈታኞቹ ጠይቀን ነው የወሰንነው።

ወደ ውጤቱ ስንመጣ፣ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረና ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ የነበረው ሁኔታ ለማንም ወላጅ ድብቅ አይደለም። በ2014 ያለፉት ተፈታኞች ድርሻ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ልጃችን በተፈተነችበት በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ይህን ቁጥር የማነሳው ልጅን ለማስፈራራት አይደለም። ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ የማያልፉበትን ፈተና እንደምታልፍ ብቻ አስቦ ዕቅድ ማውጣት ዕቅድ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ እኛ ገና ከፈተናው በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ገጽ ከፈልን። በአንደኛው ገጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣች፣ በሁለተኛው ለማለፊያው ተቃርባ ከቀረች፣ በሦስተኛው ደግሞ ብዙ ከወረደች የምትገባባቸውን ቦታዎች ጻፍን። እያንዳንዱን ገጽ ስትሞላ እርሷ ራሷ እንድትጽፍ አደረግን፤ የሦስተኛውን ገጽ ስትጽፍ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ሆኖም ውጤት በወጣ ዕለት ሌሊቱን ተቀምጦ ከመምከር በቀዝቃዛ አእምሮ አስቀድሞ መጻፉ ይሻላል የሚል አቋም ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ።

በአንደኛው ገጽ ላይ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ብዙ ሰው «የመንግሥት ነጻ ነው» ይላል፤ ነጻ ግን አይደለም፣ በዱቤ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ሲዘረጋ የተቀመጠው መርህ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል፣ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው እንዲወራረድ ነው። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል፤ በውሉም ላይ ተማሪው ምግቡንና መኝታውን በዓይነት ይሁን በጥሬ ገንዘብ እንደሚወስድ፣ ወይም ጭራሽ እንደማይወስድ የሚመርጥበት ቦታ አለ። ልጆች ይህንን ገጽ ሳያነቡት ይፈርማሉ። እቤቷ እያደረች ለምትማር ልጅ ግን የመኝታው ዕዳ በስሟ እንዳይመዘገብ ማድረግ የሚቻለው እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ ቀላል ገንዘብም አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የቤተሰቡን ኪስ በየወሩ የሚነካው የምደባው ቦታ ነው። ምደባ በውጤትና በምርጫ ቅደም ተከተል ስለሚሰጥ፣ የጎንደር ልጅ ደቡብ ምዕራብ ወይም ምሥራቅ ጫፍ ሊደርሰው ይችላል። የትምህርቱ ዕዳ በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ቢሆንም፣ የትራንስፖርቱ፣ የስልኩ፣ የኪስ ገንዘቡ፣ የካፌው ምግብ ያልተስማማው ልጅ «ነን ካፌ» ሲሆን፣ ማለትም ከግቢው ካፌ ውጭ ሲመገብ፣ የሚጨመርለት ገንዘብ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ ዘመን በመንገዱ ላይ ያለው ሥጋት ይለያያል። ስለዚህ የመረጥንላት ለቤታችን ቀረብ የሚሉትን ነበር። በመጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ባሕር ዳር፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ደባርቅ። ደባርቅ ቅርብ ሆኖ ሳለ አራተኛ የሆነው በብርዱና በከፍታው ምክንያት ነው፤ ለልብ ሕመምተኛ ይህም ከወጪ ይቆጠራል። አንዳንድ ዘመዶቻችን «በጎንደር ተወልዳ በጎንደር ትቅር እንዴ? ልጅ አገር ማየት አለበት» ብለውናል። ክፉ አሳብ አይደለም፤ አገር የማየቱን ወጪ የሚሸፍን ግን ከመካከላቸው አልተገኘም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ያደረግነው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ስለተመሠረተና ስሙ ስለገነነ ብቻ አልነበረም። የምትታከመው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በመሆኑ፣ ትምህርቷንና ክትትሏን በአንድ ከተማ ማድረጉ የመመላለሻ ወጪን፣ የአስታማሚ ወጪን፣ የሚባክኑ የትምህርት ቀናትንም ስለሚያስቀር ነው። የጤና እክል ያለባቸው ልጆች ወላጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትምህርት ሚኒስቴር በምደባ ወቅት ከባድ የጤና ችግር ያለባቸውን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና መንትዮችን የመሳሰሉ አመልካቾች በልዩ ሁኔታ የሚያይበት አሠራር አለው። የሚጠየቀው ግን የሐኪም ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ወላጅ በፈለገው ቀን አይቀመጥም። ማመልከቻው የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ማስረጃውን ውጤት ከመውጣቱ በፊት በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። እኛ ክረምቱን በሙሉ ለዚህ ተጠቀምንበት።

በሁለተኛው ገጽ ላይ የሰፈሩት ሬሜዲያልና በድጋሚ መፈተን ናቸው። ሬሜዲያል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ፣ ማለፊያውን ላላገኙ ነገር ግን ለተቃረቡ ተማሪዎች የተከፈተ የማካካሻ ትምህርት ሲሆን፣ በመጨረሻው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ይፈተኑበታል። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን፣ የግል ተፈታኞችንም በሚመለከት የሚወጣው ድንጋጌ በዚያው ዓመት ማስታወቂያ ላይ ስለሚሰፍር፣ ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ የገባበትን ነጥብ ይዞ መዝናናት አይገባም። በድጋሚ ለመፈተን ለሚወስን ልጅ ደግሞ የአንድ ዓመት የቤት ወጪ አለ። ያ ዓመት ለቤተሰቡ ምን ያህል ያስወጣል ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ልጅ እቤት ሲቀመጥ ወጪ የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ።

በዚሁ ገጽ ላይ የግል ኮሌጆች ነበሩ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በጎንደር ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ በኩል ነው። በቤቱ የተማረ ልጅ ወላጅ ለግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ይሸነፋል፤ ሰዓቱ ምቹ ነው፣ ክፍሉ አነስተኛ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ተቀባዮቹም ትሑታን ናቸው። እኛም ወደ ሁለት ሦስት ቦታ ሄደን አነጋግረናል። የጠየቅናቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ነበሩ። አንደኛ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠው እውቅና ይህንን የትምህርት መስክ፣ በዚህ በጎንደሩ ቅርንጫፍ፣ በዚህ በምትማርበት መርሐ ግብር ይሸፍናል ወይ? እውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ዋና ግቢ ለአካውንቲንግ በመደበኛ እውቅና አለው ማለት እዚህ ያለው ቅርንጫፍ በርቀት ለነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደገና እንዲመዘገቡ ባደረገበት ጊዜ ተቋሙ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሦስተኛና ዋናው፣ በዚህ መስክ ካስፈተናችኋቸው ተማሪዎች ስንቶቹ የመውጫ ፈተናን አለፉ?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ለምን ዋና እንደሆነ ላስረዳ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የግል ኮሌጅን ዋጋ በሴሚስተር ክፍያው ብቻ ማስላት ያሳስታል፤ አራት ዓመት ተከፍሎበት ዲግሪው ካልተያዘ ርካሹ ክፍያ ከሁሉም ውድ ሆነ ማለት ነው። ጥሩ የሚያስተምሩ የግል ተቋማት መኖራቸውን አልክድም፤ እነርሱም ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ውጤታቸውን በወረቀት አውጥተው ያሳያሉ። አንዱ ተቋም ግን «ጋሼ፣ እሱን ልጅቷ ስትደርስበት ታየዋለች» የሚል መልስ ሰጠን፤ ከደብተሩ ላይ ሰረዝነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነበሩ። ሁለቱም በከተማችን ያሉ የመንግሥት ተቋማት በመሆናቸው ልጅቷ እቤቷ እያደረች በአነስተኛ ወጪ ልትማርባቸው ትችላለች። በቴክኒክና ሙያ በኩል ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየደረጃው መጨረሻ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ይጠበቃል። በግሌ ይህን መንገድ ሰዎች ከሚገባው በላይ ያናንቁታል እላለሁ። በአዘዞም በፒያሳም የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍተው ወላጆቻቸውን የሚጦሩ የደረጃ 4 ምሩቃን አውቃለሁ፤ ዲግሪውን ይዘው በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆሙትንም አውቃለሁ። ለልጃችን ግን ቆሞ የሚሠራ ወርክሾፕ የማይሆን ስለነበር፣ ከዚህ ገጽ የመረጥነው በኮምፒውተር ተቀምጦ የሚሠራውን ዘርፍ ብቻ ነበር። የመምህርነቱ ኮሌጅ ቀኑን ሙሉ በሕፃናት መካከል መቆምን ስለሚጠይቅ ቀረ።

የውጭውን አማራጭ ያነሳው በአሜሪካ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው። በዚያ አገር ልጅን እቤት ማስተማር የተለመደ በመሆኑ፣ ወላጅ ያዘጋጀውን ትራንስክሪፕት የሚቀበሉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው፤ ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ ላይም ወላጅ የትምህርት ቤት አማካሪውን ቦታ ሊይዝ ይችላል። በወረቀት በኩል እንግዲህ ከአገር ቤት ይልቅ ሰፊ በር ነው። በገንዘብ በኩል ስናየው ግን አንድ እንግዳ ነገር አገኘን። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉት ተቋማት የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳይመለከቱ ተቀብለው የጎደለውን ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ በወረቀት ላይ ከሁሉም ርካሾቹ እነርሱ ናቸው፤ የሚቀበሉት ግን ከመቶ አመልካች እጅግ ጥቂቱን ነው። በአንጻሩ ለመግባት ቀላል የሆኑት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ ትንሽ ወይም ምንም ስለሆነ ለእኛ የማይነኩ ናቸው። በመካከል ያገኘነው በኬንታኪ ግዛት ያለውን ቤሪያ ኮሌጅን ነው፤ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት በግቢው ውስጥ ይሠራል፤ የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ከዚያ የመንገዱ ወጪ አለ። ኮሌጅ ተቀብሎ ሙሉ ድጋፍ ቢሰጥ እንኳ፣ ለተማሪ ቪዛ የሚከፈለው 185 ዶላርና ለተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓቱ የሚከፈለው 350 ዶላር ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፤ የአዲስ አበባ መመላለሻው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውና የአውሮፕላን ትኬቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ሐሳቡን ስንጀምር ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር እነዚህ ሁለት ክፍያዎች ብቻ 30 ሺህ ብር ያህል ይመጡ ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ፣ ያው ክፍያ ከ64 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ትምህርትን በኢንተርኔት የሚሰጠውንና የትምህርት ክፍያ የማይጠይቀውን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልንም ተመልክተን ነበር። ለየኮርሱ ምዘና የሚከፈል ገንዘብ አለው፤ ከዚያ በላይ ግን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት በመስመር ላይ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ብቻ መተማመን አልተቻለንም። የውጭ ዲግሪ በአገር ቤት ለመንግሥት ሥራ ሲቀርብ የአቻ ግምት እንደሚያስፈልገውም ማሰብ አለ። እነዚህን ሁሉ በደብተሩ ጀርባ ጻፍናቸው፤ ከሦስቱ ገጾች ውስጥ አላስገባናቸውም። ዘመድ የአውሮፕላኑን ትኬት ስለቻለ ብቻ ልጅን ለዚህ ጉዞ ማዘጋጀት የአንድ ዓመት ዝግጅቷን ይበላል የሚል ግምት ነበረን፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬም አንድ ጊዜ ብትሞክር ኖሮ ትላለች።

ውጤቱ ሲወጣ ልጃችን ከማለፊያው ጥቂት ነጥብ አልፋ ተገኘች። የቦርዱን ማስረጃ አያይዘን አመለከትን፤ ምደባዋ ጎንደር ሆነ። በዚያ ነጥብ ሕክምና እንደማይደርሳት አስቀድመን ስለተነጋገርንበት ለቅሶ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ትምህርት ለሁሉም የጋራ በመሆኑና የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚደረገው በዚያ ዓመት ውጤት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ያንን ዓመት ከሌላ ሐሳብ ሁሉ ነጻ ሆና እንድታጠና አደረግን። እቤት የተማረ ልጅ በዚህ ዓመት የሚቸገርበት ቦታ አለ፤ ልጃችን የቤተ ሙከራ ዕቃ በእጇ ሳትነካ ስለመጣች የላብ ሪፖርት አጻጻፍን ከጓደኞቿ ነበር የተማረችው። የቡድን ሥራም መጀመሪያ ላይ አስጨንቋት ነበር። በትምህርቱ ግን ብቻዋን መጽሐፍ ከፍታ መቀመጥን ስለለመደች ከብዙዎቹ አልዘገየችም።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት፤ የመረጠችው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ነው። ከእቤቷ እየተመላለሰች ትማራለች፤ ዳገቱን በባጃጅ ትወጣለች፤ የባጃጁ ሒሳብ የኪስ ገንዘቧን አብዛኛውን ይወስደዋል፤ መድኃኒቷም አለ። ከዚህ ውጭ የሚያሳስበን ወጪ የላፕቶፑ ነበር፤ ያገለገለ ገዛንላት። ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ «እኔም እንደ እርሷ እቤት ልማር» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጤነኛ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው፤ ስለዚህ አልፈቀድንለትም፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በመደበኛው ተመዝግቧል።